ሁልጊዜ የምዘለው ዐረፍተ ነገር

ውድ ድንቡሼ፣

በዚህ ዕድሜሽ በልጅነት ስምሽ ስጠራሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ሌላ አጠራር ሞክሬ ነበር። «ለተከበርሽው እህቴ» ብዬ ጀመርኩና ከትምህርት ቢሮ የሚላክ ደብዳቤ መሰለብኝ፤ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ደውላ መልእክትሽን ነገረችኝ። «አባዬ፣ አክስቴ ልትጠይቅህ መምጣት ትፈልጋለች። ግን በሩ ላይ ምን ይለኝ ይሆን ብላ ፈርታለች» አለችኝ። «መልሱን ራሴ እጽፍላታለሁ» አልኳት። «ብትደውልላት አይሻልም?» አለች። አይሻልም። በስልክ ስናገር ሁልጊዜ የምቆጣ እመስላለሁ፤ ዕድሜ ልኩን ክፍል ውስጥ የጮኸ ጉሮሮ በቀላሉ አይለዝብም።

እንደምታውቂኝ፣ እንዴት እንደደረሰበት ሳያስረዳ መልሱን ብቻ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም። ስለዚህ እኔም እንዴት እንደደረስኩበት ላስረዳሽ። ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ። ክፉ መልስ አይደለም፤ ከወዲሁ ልብሽን አሳርፊ።

የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን አንድ ጊዜ በትክክል መጻፍ አለበት። እማዬ በመጨረሻዋ ሰሞን በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ተኝታ ነበር። «ነገ እመጣለሁ» ብለሽ የደወልሽ ቀን ፊቷ በራ። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴን «ፀጉሬን አበጥሪልኝ» አለቻት። እኔን ደግሞ አልጋዋን ወደ በሩ እንዳዞርላት ጠየቀችኝ፤ አዞርኩላት። በኮሪደሩ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ትል ነበር። ከሰዓት በኋላ «መንገዱ ተዘግቶባት ይሆናል» አለች። ሲመሻሽ ደግሞ «እሷ ድሮም ስትለብስ ነው የምታመሸው» ብላ ሳቀች። ከዚያም በኋላ፣ አንቺ ሳትደውዪም ሳትመጪም ስትቀሪ፣ እየደከመች እንኳ ሰበብ ስትፈልግልሽ ሰነበተች። እንደዚያው ሆና አረፈች።

አንቺ የመጣሽው ከቀብሩ በኋላ ነው። በሩን የከፈትኩልሽ እኔ ነኝ። ለአርፋጅ ተማሪ በምናገርበት ድምፅ «አርፍደሻል» አልኩሽና መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ላሳቅቅሽ ብዬ አይደለም። ያወረድኩት ሸክም ምን ያህል ይመዝን እንደነበር ካላወቅሽ፣ አሁን የተሰማኝ ቅለት ከየት እንደመጣ አይገባሽም ብዬ ነው።

ያኔም ቢሆን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄዴን አላቋረጥኩም። ችግሬ አንድ ቦታ ላይ ነበር። «አባታችን ሆይ» ሲደገም፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምንናገርበት ቦታ ስንደርስ አፌን እዘጋለሁ። ሌላው ሰው ያንን ዐረፍተ ነገር ይጨርሳል፤ እኔ ቀጣዩ ላይ እገባለሁ። እልኸኝነት አይምሰልሽ። እውነት ያልሆነ ዐረፍተ ነገር በእግዚአብሔር ፊት ላለመናገር ብዬ ነበር። እንዲያውም ትንሽ እኮራበት ነበር።

ጎኔ የሚቆመው የድሮው የሒሳብ መምህር ነው። ታስታውሺዋለሽ፣ በእግሮቹ ርዝመት ምክንያት ተማሪዎች «ኮምፓስ» ያሉት። አሁን ጆሮው ከብዶታል። ጸሎቱን የሚከተለው ደህናውን ጆሮውን ወደ እኔ አስጠግቶ ነው፤ እኔ ቃል ስለማልውጥ ለእሱ እመቸዋለሁ። አንድ እሁድ ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝ።

«ስማ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ለምንድን ነው የምትጠፋብኝ?»

«የት ቦታ?»

«ይቅር በለን ካልን በኋላ ነዋ! ድምፅህ ጭልጥ ይልብኛል። እኔም አብሬህ ዝም እላለሁ። ከዚያ እንደገና ስሰማህ ፈተና ላይ ደርሳችኋል!»

ነገሩን ነገርኩት። ካልጮኹለት አይሰማምና፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ የቤታችንን ጉድ ሰማ። ኮምፓስ አንገቱን አዘንብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«እና ውሸት እንዳይሆንብህ ነው የዘለልካት?»

«አዎ።»

«እኔንም አብረህ አዘለልከኛ! እኔ እኮ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ጀምሮ ያችን ቃል እየፈለግኳት ነው። ለካ አንተ ዘንድ ተቀብራለች!» አለና ሳቁን ለቀቀው። ከዚያ ድንገት ኮስተር አለ። «ደግሞስ፣ ጸሎት ለርዕሰ መምህሩ የሚቀርብ ሪፖርት መሰለህ እንዴ? ልመና እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

እኔ አልሳቅኩም። ቤት ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ቃሉን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈ ቆጥሬ ፈታሁት። «ይቅር»። ሥሩ «ቀረ» ነው። ስም ስጠራ የኖርኩ ሰው ይህ እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ። ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ተማሪ «ቀረ» ተብሎ ይመዘገባል። ያ ምልክት አይፋቅም፤ አልቀረም ብሎ የሚከራከርም የለም። ነገር ግን በማግስቱ ስሙ እንደገና ይጠራል። «አቤት» ካለ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ትናንት ቀረ ብዬ የማንንም ስም ሳልጠራ አልፌ አላውቅም።

እኔ ይቅር ማለት «አልቀረሽም» ማለት ይመስለኝ ነበር። ያንን ደግሞ ልል አልችልም፤ ቀርተሻል። ቃሉ ግን እንደዚያ በል አይለኝም። በደሉ እዚያው በሆነበት ቀን ይቅር፣ ሰው ግን ይግባ ነው የሚለው።

የቃሉን ትርጉም ማወቅና ቃሉን መፈጸም ለየቅል ናቸው። ስለዚህ እማዬ ክፍል ገባሁ፤ ጉልበቴ እየተንቋቋ ተንበረከክኩና «ጌታ ሆይ፣ ትርጉሙ ገብቶኛል፤ አቅሙ ግን የለኝም። አንተ እኔን ስንት ጊዜ እንደ አዲስ ጠርተኸኛል። ከዚያው ላይ ቆንጥረህ ስጠኝ» አልኩ። ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ ምንም አልተሰማኝም። እንባም አልመጣልኝ። የአልጋውን ጫፍ ይዤ፣ ወገቤን እየደገፍኩ ተነሳሁ።

በቀጣዩ እሁድ ግን እዚያ ቦታ ስንደርስ ዐረፍተ ነገሩን ሙሉውን ተናገርኩት። አንድም ቃል አልዋጥኩም። ኮምፓስ ያቺ የጠፋችበት ቃል ድንገት ስትገኝለት በደስታ ጮኾ ደገማት። ከፊታችን የነበሩት ሴቶች ዞረው አዩን። ሁለታችንም እንደ ረባሽ ተማሪ አቀረቀርን። ስንወጣ ከደረጃው ሳይወርድ ወደ ወንድሙ ደወለ፤ የሚለውን ሁሉ መንደሩ ሰማው።

ሰላሙ የመጣው ቀስ እያለ ነው። ከእኔ ቀድማ ያወቀችው ባለቤቴ ናት። «ምነው ዛሬ ሻዩን ሳትነቅፍ ጠጣህ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። ጋዜጣ ላይ የፊደል ግድፈት አገኘሁና እርሳሴን ሳላነሳ አለፍኩት። እማዬ በሐሳቤ ስትመጣ በሩን በሩን ስታይ አይደለም አሁን የምትታየኝ፤ ስላንቺ ስትስቅ ነው። እንቅልፌም እንደ ልጅ እንቅልፍ ሆኗል። አንዳንድ ጠዋት ቁጣው ብቅ ይላል። ያኔ ያችን ቃል እንደገና እላታለሁ። ለጎበዝ ተማሪም ቢሆን መልመጃ አስፈላጊ ነው።

ያልመጣሽበትን ምክንያት አልጠይቅሽም። ድሮ ቀርቶ የመጣን ልጅ ምክንያቱን ካልነገረኝ ክፍል አላስገባም ነበር፤ ያንን ሕግ ትምህርት ቤት ትቼው ወጥቻለሁ። እኔ ራሴ ምክንያቴን ሳልጠየቅ ነው የተማርኩት። «የተማርኩት» ያልኩትን በሁለቱም ትርጉሙ ውሰጂው፣ በትምህርቱም በምሕረቱም። ልትነግሪኝ ከፈለግሽ እሰማሻለሁ። ካልፈለግሽ ስለ ጉልበት ሕመም እናወራለን፤ በዚያ በኩል እውቀቴ ሰፊ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ፦ ነይ።

በመጪው እሁድ ከሰዓት በኋላ የአውቶቡስ መናኸሪያው ላይ እጠብቅሻለሁ። ቤት ሆኜ ልጠብቅሽ አልፈለግኩም። በሩ አስፈርቶሻልና አብረን እንከፍተዋለን። የምታድሪው እማዬ ክፍል ነው። ባለቤቴ አንሶላውን ቀይራለች፤ መስኮቱንም ከፍታዋለች።

ምናልባት አውቶቡሱ ላይ እግርሽን ስታነሺ ልብሽ ይሸሽ ይሆናል። ወደ ቤትሽ ትመለሺም ይሆናል። ይህ ከሆነ አትፈሪ፣ ሰበብም አትፈልጊ። በሚቀጥለውም እሁድ እዚያው እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ባለውም። ጡረተኛ ነኝ፤ የሚረፍድብኝ ክፍለ ጊዜ የለም።

ወንድምሽ፣
ጋሼ