ውሃ የገባበት ዘይት

ታይፒስቷ እህቴ፣

ልጄ ጋ ሄጃለሁ፤ አልመለስም። የእኔን ቁልፍ ለአከራያችን ሰጥቻታለሁ።
አምፖሉን ፈትቼ ወስጄዋለሁ፤ የገዛሁት እኔ ነኝ። ሻማ መሳቢያው ውስጥ አለልሽ።
ድንች ቀቅዬልሻለሁ። የተረፈውን ዘይት አፍስሼበታለሁ፤ ሳይበላሽ ብዪው።

የሁለታችን ጡረታ ሲደመር ወር ያደርሰናል ብለን ነበር አንድ ቤት የገባነው። ዘይት ሲወደድ እኔ ያለ ዘይት መብላት ለመድኩ። አንቺ ግን እኔ ከቤት ስወጣ ትጠብሻለሽ፤ ከዚያ እንዳይታወቅብሽ ጠርሙሱን በውሃ ትሞይዋለሽ። ውሃ ከዘይት ስር እንደሚተኛ እስከዚህ ዕድሜሽ አላወቅሽም?
አይቼ ዝም አልኩ።

ዛሬ ጡረታ ቢሮ ቀርበን በሕይወት መኖራችን የሚረጋገጥበት ቀን ነበር። አንቺ ጉልበቴን አመመኝ ብለሽ መታወቂያሽን በእኔ ላክሽ። ጸሐፊው ፎቶሽን አየና፣ "እማማ፣ እሳቸው ምነው ቀሩ? አረፉ እንዴ?" አለኝ።

እንደ ዘይቱ ጊዜ ዝም አልኩ።

"ነፍስ ይማር" ብሎ ስምሽን ሰረዘው።

እህል ውሃችን እዚህ ላይ አበቃ። መታወቂያሽ ትራስሽ ስር ነው፤ ተኝተሽ ነበርና አልቀሰቀስኩሽም። ጉልበትሽ ሲሻልሽ ሂጂና "አለሁ" በያቸው።