የጨረሩ ስሌትና የአርብ ዳቦ

ውድ ሬግናር፣

የሙከራውን ውጤት በስልክ እንዳልነግርህ ያስማልከኝ አንተ ነህ። ሳልጨርስ እንደማለቅስ ታውቃለህ። ይኸው በደብዳቤ ነገርኩህ።

ከተማችን ኦርሁስ ውስጥ ዛሬም ይዘንባል። አንተ እንደገና ቤት ከዋልክ ወዲህ ቤተ ሙከራው ውስጥ ወንበርህ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሕዋሳት የምታራባልን ዩተ እርጥብ ካፖርቷን ትጥልበትና አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ሊቀመጥ ሲል «ሰው አለበት» ትላለች።

ሐኪሞቹ ሩዝ የሚያካክሉ የጨረር ፍሬዎች ዕጢህ ውስጥ ቀብረውልህ ወደ ሥራ የተመለስክባትን አርብ እያሰብኩ ነው። ከዕጢህ በተቆረጠችው ቅንጣት ሕዋሳት አራብተን፣ አንተን እንደሚነካህ ያለ ደካማ ጨረር ሥር ሌት ተቀን ልናቆያቸው ተስማማን። ከዚያ እንደ ልማዳችን ተወራረድን፤ ግምቱ የሳተ ጠዋት ሁላችንም አብረን የምንቆርሰውን የአርብ ዳቦ ይገዛል። እኔ ሕዋሳቱ ተመናምነው ያልቃሉ አልኩ። አንተ በገዛ ቀመርህ አሰላህና መጀመሪያ ይረግፋሉ፣ በኋላ ግን ጨረሩ የሚሰብረውን እግር በእግር እየጠገኑ ይኖራሉ አልክ። የሕዋሳቱን ቁጥር የሚያሳየውን መስመር በእርሳስ ወደ ታች ስበህ ስበህ ጫፉን አጋደምከው።

«የራስህን ሞት ትስላለህ እንዴ?» አልኩህ ተናድጄ።

«ቀመሩ ያለውን ነው የሳልኩት፣ ዶርተ። እስካሁን አንድም ቀን ዳቦ ገዝቼ አላውቅም። እባክሽ ይህቺን አንዴ አስገዢኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ኮሪደር ላይ ግን ክንዴን ይዘህ፣ ከተሳሳትክ በጸደይ ጀልባህን ቀለም እንደምትቀባ ነገርከኝ። ቀለሙን ሳይቀር መርጠህ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሕዋሳቱ በእርግጥ ረገፉ። እኔና ዩተ ተቃቅፈን እንደ ልጅ ዘለልን። ከዚያ መርገፉ ቆመ። ጨረሩ ደክሞ ይሆናል ብለን ለካነው፤ ደህና ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ሠራን፤ ያው ሆነ። ስህተት አይታ የማታልፈው ዩተ፣ «ምን ታዪኛለሽ፣ ስህተት ፈልጊልን እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝ፤ ወዲያው ፊቷን አዞረች። ስህተት እንዲህ ለምኜ አላውቅም። የለም፣ ሬግናር። ነጥቦቹ በሙሉ አንተ ባጋደምከው መስመር ላይ ተኝተዋል።

ሐኪሞችህ ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ሰው አይደለም ይሉህ ይሆናል። እኔም ልልህ ፈልጌ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ይህን ስሌት ካንተ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ማን ያጽናናሃል?

ሥራህ ልክ ሲሆን መኩራት ነበረብኝ፤ ጠላሁት። አንተን ግን በጣም እወድሃለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዴም አላልኩህም፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሥራ ቦታ አይወራም።

አርብ ጠዋት ቤትህ እመጣለሁ። ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥተህ ጠብቀኝ። ዳቦውን እኔ ገዝቼ እመጣለሁ።

ዶርተ