የማይረገጠው ምንጣፍ እና እናታችን ወ/ሮ ቡዋኬው

እናታችን ወ/ሮ ቡዋኬው ከአባታቸው ከአቶ ካምፉ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቻንዲ በታይላንድ፣ ላምፓንግ አውራጃ፣ ባን ሁዋይ ኬው መንደር፣ በቡድሃ አቆጣጠር በ2487 ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው ወደ ሩዝ ማሳ ገቡ። በ2508 ከአቶ ሲንግካም ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በየማለዳው ደጃቸው ቆመው ለመነኮሳት ትኩስ ሩዝ ሳይሰጡ የዋሉበትን ቀን እኔ ልጃቸው ላምያይ አላውቅም።

በ2564 ጓሯቸው ውስጥ ተንሸራተው ወደቁ። አጥንታቸው ተረፈ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም፤ ግድግዳ እየዳበሱ መሄድ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በመንደራችን ቤተ መቅደስ አዳራሽ አረጋውያን እንዳይወድቁ እግር የሚያጠነክር ሥልጠና ከፈቱ። ቴሌቪዥን ላይ ቀስት ብቅ ሲል፣ ከፊቱ በተነጠፈው የልምምድ ምንጣፍ ላይ ቀስቱ ያመለከተውን ቦታ ቶሎ መርገጥ ነው። እናታችን በመጀመሪያው ቀን “ኧረ ይሄስ ከምራቴ ይብሳል፣ ትንፋሽ አይሰጥም!” ብለው አዳራሹን በሳቅ ገደሉት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግድግዳ መዳበሱን ትተው የመነኮሳቱን ሩዝ ይዘው ብቻቸውን ደጅ ወጡ።

ባለሙያዎቹ ሲሄዱ ምንጣፋቸውን ይዘው ሄዱ። የከተማው አበምኔት ሌላ ገዝተው ላኩልን። የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ግን በስጦታ ዕቃ ላይ የሰጪውን ስም መጻፍ ልማዳችን ነውና የአበምኔቱን ስም ምንጣፉ መሃል ላይ በወርቃማ ፊደል አሳተመ። በመነኩሴ ስም ላይ እግሩን የሚያሳርፍ ማን ነው? ሊቀመንበሩ አቶ ኡዶም ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እናታችን “ልጄ፣ ለእግራችን የተገዛ እኮ ነው” ቢሏቸው፣ “እማማ፣ ኃጢአት አያስገቡን፤ እቤትዎ ይንቀሳቀሱ” አሏቸው። አበምኔቱን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ልምምዱ ሲቀር እግራቸው እያደር ከዳቸው። በዘንድሮው ዝናብ ሩዙን እንደያዙ ደጃፋቸው ላይ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። እርጅና ነው የሚል ካለ እኔ ፊት አይበል። አበምኔቱ ሆስፒታል መጥተው ነገሩን ሲሰሙ “ስሜ ቢረገጥ እኔን ምን ያመኛል? ማን ጠየቀኝ?” ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ግን ለእናታችን አልደረሰላቸውም፤ ከአልጋ ሳይነሡ ሳንባቸው ታምሞ ኦክቶበር 9 ቀን 2567 በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ።

ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። በአበምኔቱ ትእዛዝ ምንጣፉ ከግድግዳ ወርዶ ወደ አስከሬኑ በሚያወጣው ደረጃ ሥር ተነጥፏል። ከሰንደል እንጨት የተሠራውን የስንብት አበባ አስከሬኑ ዘንድ ልታኖሩ የምትወጡ ሁሉ የአበምኔቱን ስም ረግጣችሁ ትወጣላችሁ። በጎ ሥራቸው እናታችንን ወደ መልካም ስፍራ ያድርሳቸው።

አቶ ኡዶም፣ እርስዎ ይቅደሙ።