ስቶቭ ያስጠፋ ጌም

አስረስ፣ እንዴት ከረምክ? ነፋስ ስልክ፣ ሁሉም በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ እንግዳ ሆኛለሁ። ጡረተኛዋ እትዬ ተናኘወርቅ አንድ ያረጀ የጃፓን የካሴት ጌም ለመጨረስ ሲታገሉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጌሙ ሴቭ አያደርግም፤ መብራት ከጠፋ እንደገና ከሀ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ጭነት እንዳይበዛበት ተከራዩ ሁሉ ስቶቩን አጥፍቶ ደረቅ ዳቦ ይገምጣል። ደሴ፣ እኛ ሰፈር ግን፣ ለለቅሶ ሬዲዮ ለማስቀነስ እንኳ ሽማግሌ ይላካል!

«እትዬ፣ ይዝለሉ እንጂ!» አለች ጎረቤታቸው መርዋ።

«ጉልበቴን እያወቅሽ!» አሏት፤ ግን ቁልፉን ተጭነው ዘለሉ። ጨረሱ! ግቢው በእልልታ ተናጋ። ቴሌቪዥኑ ላይ የጃፓን ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

አከራዩ አቶ ኑሪ ብድግ ብለው ቆባቸውን አስተካከሉ፤ «‹ጎበዝ› ነዋ! ሌላ ምን ሊል ኖሯል?»

ፖስትካርዱ ሞላብኝ፤ እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ሙሉሰው