ሁለተኛው ፍተሻ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ባሌ ክላይቭ መጣ። ሁለት ሳምንት ባሕሩ መካከል ባለው የጋዝ መድረክ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ቤት... ከተጋባን ዘንድሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላን። ሄሊኮፕተሩ በጉም ምክንያት ዘግይቶ ነበር። የዓሣ ፓይ ጋግሬ ጠበቅኩት፤ ግማሹን ተወው።

«አሞሃል?»

«አይ። ጨው በዝቶበታል።»

ጨው አልበዛበትም።

ጠዋት በባሕሩ ዳርቻ ባለው የጋዝ ጣቢያ ውስጥ የመሐንዲሶቹን ቢሮ ሳጸዳ ከቆሻሻ ቅርጫቱ አንድ ገጽ አገኘሁ። እንደ ልማዴ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ትምህርት የተውኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ የማውቀውን ያህል ያወቅኩት ከዚያ ቅርጫት ነው። ከባሕሩ ሥር ያለው ዐለት ጋዙ ተቀድቶ አልቆ ባዶ የቀረው እኛ ልጆች ሳለን ነው። አሁን ጎተራ ሆኗል። በሙቀቱ ወራት ጋዝ ይገፉበታል፣ ብርዱ ሲመጣ መልሰው ያወጡታል። የዛሬው ገጽ ስለ ትራሱ ነበር። ወንዶቹ እንዲያ ይሉታል፤ መቼም የማይወጣውን ጋዝ። እሱ ታች ሆኖ ስለሚገፋ ነው ሌላው የሚወጣው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ክላይቭ ዛሬ ነገሩን ተናገረ። ድንች እየላጥኩ ነበር።

ጉድጓድ ዘጠኝን ሲፈትሹ ነው። ዘግተው ግፊት ይሞሉና የመለኪያውን ቀስት ቁጭ ብለው ያያሉ። ካልወረደ ጉድጓዱ ደኅና ነው። ወረደ። ባሪ፣ ወንድሜ፣ የፈረቃው አለቃ እሱ ነው፣ «ይረፍ፤ ምሳ በልተን እንደግመዋለን» አለ። ከምሳ በኋላ አልወረደም። የሚጻፈው ሁለተኛው ብቻ ነው። ሁልጊዜም እንዲያ ነው። አሮጌ ጉድጓድ መጀመሪያ ያኮርፋል፣ ከምሳ በኋላ ይታረቃል ይላሉ። ውሸት ነው ብሎ የሚያስበው የለም።

«በዚህ ዓመት ግን አራተኛው ነው» አለ ክላይቭ። «ቅጹን ገና አላስረከብኩም። ምን ትያለሽ?»

«ያየኸውን ጻፍ።»

ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

የሁለቱንም ፍተሻ ውጤት ጽፎ አስረከበ። ዝናብ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22

ጉድጓዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ እየፈተሹ ነው። ምሳ የለም፣ ሁለተኛ የለም። እስካሁን አምስት ወድቀዋል። ባሪ ስልክ አያነሳልኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

ጉድጓዶቹ ስለወደቁ ጣቢያው ዝም ብሏል። በሌላ ዓመት በዚህ ጊዜ የጣቢያው ሞተሮች ጋዙን ወደ ባሕሩ መግፋት ጀምረው፣ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንት ዓመት አማረርኩት። ዘንድሮ የወፍ ድምፅ ይሰማል... አልወደድኩትም።

ሱቅ ውስጥ ኦድሪ ገንዘቤን እየተቀበለች «ጆሯችን አረፈልን የኔ ቆንጆ፤ ባልሽን አመስግኚልን» አለችኝ። ሰልፉ ላይ የሳቀ ሰው ነበር። የሷም ሁለት ልጆች መድረኩ ላይ ነው የሚሠሩት፤ አልፈረድኩባትም። ወተቱን እዚያው ረስቼ መጣሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ባሪ ለምሳ መጣ። የእማማ ሙት ዓመት ስለሆነ እንጂ አይመጣም ነበር። ኮቱን አላወለቀም።

«እንዴት ከርመሃል፣ ብፁዕ ክላይቭ? ክንፉ ገና አልበቀለም?»

ክላይቭ ሥጋውን ይቆርጣል።

«ዘጠና ሰው ሥራ ሊያጣ ነው! ዘጠና ቤት! ከኔ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ምሳ እየበላህ ስትደግም ኖረህ፣ አሁን ምን ታየህ? ማን ነው የመከረህ?»

መረቁን ይዤ ቆሜ ነበር። ክላይቭ ወደ እኔ አላየም። «ቀስቱ ወረደ፤ ጻፍኩ» አለ። በቃ።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ለወንድሜ ሳህን ላይ መረቅ ጨመርኩለት። ለምን ዝም አልኩ? ፈርቼ? ባሪ ሳይጨርስ ሄደ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ክላይቭ መጠጥ ቤት ሄዶ በሃያ ደቂቃ ተመለሰ። ዶሚኖ የሚጫወትበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። «ቦታ የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። «ኧረ አለ፣ አሁን እረፍ፤ ከምሳ በኋላ እንደግምልሃለን» አሉት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ አለኝ። እሱም ሲነግረኝ ለመሳቅ ሞከረ...

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 30

ደብዳቤው መጣ። ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት። ጉድጓዶቹ አርጅተዋል፤ ማከማቻው ይዘጋል። ትራሱም ሳይቀር ይወጣል፣ ከዚያ በሲሚንቶ ይደፈናል። ክላይቭ አንብቦ መስኮቱ ጋ ቆመ። ከሐምሌ ወዲህ ዐሥር ኪሎ ሳይቀንስ አልቀረም። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል።

ዐይኔ እያየ ሰውዬዬ እያለቀ ነው። በእኔ ቃል።

ዓርብ፣ መስከረም 12

ትናንት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ከኩባንያው የመጣው ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ባሪ ተነሣ። ክላይቭን በስም አልጠራውም። «አንድ ሰው ጀግና መሆን ባማረው...» ሲል ጉልበቴ ራሱ አነሣኝ። በሕይወቴ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱማ ሊተወው ነበር። ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ። የምትሰድቡት ካለ እኔን ስደቡ።»

ከኋላ አንዱ «አይ ክላይቭ! ቀድመህ አትነግረንም ነበር? የኔዋም እንዲሁ ናት!» አለ። ሳቅ። ግን የሐምሌው ዓይነት ሳቅ አይደለም። ባሪ ራሱ ፈገግ አለ። ሲወጡ ሦስት ሰዎች የክላይቭን ትከሻ መታ መታ አደረጉት።

ቀለለኝ። እስከ ቤት ድረስ እየቀለለኝ ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 13

እንዳለ ልጻፈው።

ቁርስ ላይ ነው። «ልተወው እንደነበር ማን ነገረሽ?» አለኝ ክላይቭ።

«ጠየቅኸኝ እኮ።»

«ጽፌ ጨርሼ ነበር የጠየቅኩሽ። የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ከቅርጫት ወረቀት ለቅሜ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ሎሬይን። ቀስት ማየት ነው የማውቀው። በዕድሜዬ አንድ ነገር ሠራሁ። ሁሉም ጠላኝ፤ ይሁን... የኔ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንድትሰሚልኝ ነዋ።»

ጫማውን አድርጎ በገደሉ መንገድ ሄደ። ያን ቀን ሲጠይቀኝ ድንቹን እየላጥኩ ነበር። ድንቹን! ቀና ብዬ ባየው ኖሮ ከፊቱ አነብበው አልነበር?

እሑድ፣ ጥቅምት 19

ዶሚኖው ላይ ቦታ ሰጥተውታል። «ሚስትህ ፈቀደችልህ?» እያሉ ቢራ ይገዙለታል። እሱም ይስቅላቸዋል። ባሪ ዛሬ ኮቱን አውልቆ በላ። ኦድሪ ሱቅ ውስጥ አታናግረኝም፤ ክላይቭን ግን ታናግረዋለች። የፈለግኩት ይኸው አልነበር?

ስለ ቅጹ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኩት። «በቃ፣ አለፈ» አለ። አላለፈም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ትራሱን ማውጣት ጀመሩ። ቢሮው ባዶ ነው፤ ቅርጫቶቹም። የሁለት ወር ሥራ ብቻ ነው የቀረሽ ብለውኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 23

ባሪ ምሳ ላይ «ኖርዌይ ብርዱ ይሻላል አሉ፣ ደረቅ ነው» አለ። ማን ነው ኖርዌይ የሚሄደው? አልኩ። «አልነገርካትም እንዴ?» አለው ባሪ ክላይቭን። ሁለቱም ለሥራ ተመዝግበዋል። አምስት ሳምንት እዚያ፣ ሦስት ሳምንት ቤት። ከገና በፊት ይጀምራሉ።

«ማመልከቻውን መቼ ጻፍከው?»

«ባለፈው ሰኞ።»

ሰኞ እኮ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበርን። ሹራብ እየሠራሁ ነበር፤ ምን ትጽፋለህ አላልኩትም። ባሪ ዐይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። «ጥሩ ነው» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ጓዙን ራሱ አዘጋጀ። ይጠይቀኝ ይሆናል ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር... ወፍራሙን ካልሲ ልያዝ ወይስ ቀጭኑን፣ የትኛውን ቦርሳ፣ ማንኛውንም ነገር። አንዱን አንሥቶ አየው፣ መለሰው፣ ሌላውን አነሣ። ሃያ ስድስት ዓመት ያልጠየቀኝ ነገር አልነበረም።

ዚፑን ዘጋ። «ደህና ሁኚ» ብሎ ጉንጬን ስሞኝ ወጣ።