የኽሚስ ክርን

እንደ አጎቴ የማይዎ ውድ ዓሚ ኽሚስ፣

ሰላምታዬ ከደሴታችን ከነባሕሩ ሽታ ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ስፋክስ ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው የጎረቤት ልብስ ስጥ ሲመለከቱ ይታየኛል። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ልጅዎ ማብሩካ እንደሆነች አውቃለሁና ለእሷም አንድ ቃል አለኝ። ማብሩካ እህቴ፣ መሐል ላይ የማያምር ነገር ስታገኚ «አባቴ ይከፋዋል» ብለሽ እንዳታልፊው። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚያው ነገር ስል ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ማዕበል መጣ። አዲሱ ግንብ ከተሠራ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የሆነውን መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ፤ ከጀመርኩት ሌላውን ሁሉ ረስቼ ስለ እሱ ብቻ ነው የማወራው፣ ያውቁኛል።

የድሮው ግንብ የፈረሰበትን ጥር እርስዎም አይረሱትም። ባሕሩ መቃብር ቦታው ገብቶ ሁለት ረድፍ ይዞ ሄደ። ያገኘነውን አጥንት በነጭ ጨርቅ ሰብስበን፣ የማን እንደሆነ ሳናውቅ አንድ ላይ ቀበርን። እናቴ ለጢፋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ሆነች። የማዘጋጃ ቤቱ የሥራ ክፍል ጸሐፊ ነኝና የግንቡ ፋይል እኔ እጅ ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ፋይል የያዝኩት እንደ መንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። ሌላ የማዕበል ወቅት ሳይመጣ ግንቡ ካልጸደቀ እናቴ ባሕር ልትገባ ነው እያልኩ ነበር የማድረው።

ንድፉ መጣ። ከአሮጌው ግንብ ሰባት ሜትር ወደ ባሕሩ ወጣ ብሎ፣ ከጀልባ ማቆሚያው እስከ መቃብሩ ጥግ እንደ ገመድ ቀጥ ያለ። ምክር ቤቱ እንዲያጸድቀው የጎደለው ነገር ቢኖር ከፊት ለፊቱ የዘንባባ አጥር ተክለው ዓሣና ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበት የባሕር ርስት ያላቸው ሰዎች ፊርማ ብቻ ነበር። አራቱ ፈረሙ። አምስተኛው እርስዎ ነበሩ።

ቅጹን ይዤ ስድስት ጊዜ ቤትዎ መጣሁ። ስድስቱንም ጊዜ ሻይ አጠጥተው፣ በለስ አስይዘው፣ ያለ ፊርማ ሸኙኝ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ መሐንዲሱ ስድስት ዓመት የተማረ ሰው መሆኑን ነገርኩዎት።

«ጎበዝ ነው» አሉኝ። «ባሕሩ ግን አብሮት አልተማረም።»

እርስዎ የሚሉት አንድ ነገር ነበር። የድሮው ግንብ መሐሉ ላይ ወደ ባሕሩ የታጠፈ ክርን ነበረው፣ አዲሱም ይኑረው፤ ቀጥ ካለ ውሃው እየተንሸራተተ ሄዶ ሙታኑ ላይ ይወድቃል። ይህንኑ ግንቦት ላይ ምክር ቤቱ ፊት ቆመው ተናገሩ። ግን እርስዎ እጅዎ እንጂ አንደበትዎ ሥራ አያውቅም፤ ቃሉ ተደነቃቀፈብዎት። መሐንዲሱ አያቶቻችን ክርኑን የሠሩት ገመድ መወጠር ስላልቻሉ እንደሆነ ተናገረና አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ተነሣሁ።

ማብሩካ፣ አንብቢው። «ዓሚ ኽሚስ፣ የሚያዝኑት ለሙታኖቻችን አይደለም፤ ለኦክቶፐሶችዎ ነው። እናቴ ባሕር ስትገባ እርስዎ ዳር ቆመው ወጥመድዎን ይቆጥራሉ» አልኩ።

እርስዎ ቀይ ቆብዎን ከወንበሩ ላይ አነሡ፣ አራገፉት፣ ወጡ። የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ሲ ተውፊቅ እንኳ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲናደድብዎ የነበረው ሰው፣ ዐይኑን ከእኔ ላይ አሸሸ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ተመልሼ ልለቅመው አልቻልኩም። ደግሞም ያን ቀን ልለቅመው አልፈለግሁም ነበር። ያልኩትን አምኜበት ነበርና።

ሐምሌ ላይ ሀምዳና ወንድሙ ቢሮዬ መጡ። ሀምዳን ያውቁታል፤ ከራሱ መረብ ይልቅ የሰው መረብ የሚያየውን። ኽሚስ በተከለከለው ወር ዘንባባ እየተከለ ነው፣ ዓሣው በሚራባበት ጊዜ አጥር ሠርቷል፣ ባሕሩን ብቻውን ሊበላው ነው ብለው ማመልከቻ አስገቡ። ከዳር ሆኜ ተመለከትኩ። እውነት ነው፤ ከጀልባ ማቆሚያው እስከ መቃብሩ ድረስ የዘንባባ ዝንጣፊ ተደርድሯል። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ራሴ ጻፍኩት፣ ሲ ተውፊቅን አስፈረምኩ፣ ማኅተሙን ራሴ መታሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ይወቁልኝ።

ደብዳቤውን በእጅዎ ልሰጥዎ ጫማዬን አንጠልጥዬ ውሃው ውስጥ ገባሁ። አጥሩን ተከትዬ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ መጨረሻው ላይ ደረስኩ፤ የወጥመዱ ቤት የለም። ወጥመድ እንደ ደሴታችን ሰው የሚያውቅ የለም እንላለን፤ ግን ሁላችንም ከዳር ቆመን ዝንጣፊ ቆጠርን እንጂ አንዳችንም እስከ ጫፉ ሄደን አላየንም። ዓሣው ገብቶ የሚቀርበት ቤት ከሌለው አጥር ምን ያደርጋል? አንዲት ዓሣ አይዝም።

እርስዎ ሱሪዎን እስከ ጉልበትዎ ሰብስበው ዝንጣፊ እያጠበቁ ነበር። ቀና አላሉም።

«ቤቱ የታለ?» አልኩ።

«የምን ቤት? ይሄ ግንባችሁ ነው። ሰውዬው እንዳለው ቀጥ አድርጌ ተክዬዋለሁ።» ከዚያ ወደ መቃብሩ ጥግ ጠቆሙኝ። «ነይ፣ እዚህ ቁሚ። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚህ ጋ ቁርጭምጭሚቴን ነበር የሚያርሰኝ።»

ቆምኩ። ከጉልበቴ በላይ ደረሰ። ውሃው እየሸሸ ነበርና አጥሩን ተደግፎ በፍጥነት ሲያልፍ፣ ከተረከዜ ሥር አሸዋው እየተፈለቀቀ ሲሄድ ተሰማኝ። ከፊት ለፊቴ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቃ የእናቴ መቃብር ትታያለች።

«እጅሽ ላይ ያለው ወረቀት ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ምንም። የገበያ ዝርዝር ነው።»

«ማኅተም ያለው የገበያ ዝርዝር?»

ሳቅዎን ዋጡት እንጂ አይቼዎታለሁ። ያን ወረቀት ውሃው ውስጥ ነክሬ ኪሴ ከተትኩት። ዘንባባው ለመጪው የወጥመድ ወቅት ቆርጠው ያደረቁት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁሉንም እዚያ ሰክተውት ነበር፤ ለራስዎ የተረፈ አንድ ዝንጣፊ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን ስለሠራነው አላበዛውም። ቢሮ ስዘጋ እመጣለሁ፣ መሐሉን እንነቅላለን፣ እርስዎ በዐይንዎ ለክተው ወደ ባሕሩ ያጥፉታል፣ እኔ ዝንጣፊ አቀብላለሁ። ስተክል እያጋደልኩ አስቸገርኩዎት። «የማዘጋጃ ቤት እጅ ሁሉንም ያጋድላል» ይሉኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መቃብሩ ሥር የተቦረቦረው አሸዋ ተመልሶ መጥቶ መሙላት ጀመረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ገብቻለሁ፤ ነገራችን ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነበር። ውሃ ራሱ ሲመሰክር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ምክር ቤቱን ባሕር ውስጥ ያስገባሁበት ቀን ትዝ ይልዎታል? ሲ ተውፊቅ ሱሪውን ሰብስቦ ያ ነጭ እግሩ ሲታይ ሴቶቹ ከዳር ሆነው የሳቁት? መሐንዲሱ በተውሶ ነጠላ ጫማ ገብቶ፣ ቀጥ ያለውን የአጥሩን ክፍልና የታጠፈውን እየተመላለሰ በእግሩ ሲለካ ብዙ ቆየ። እሱን በማማት ብዙ አፌን አበላሽቻለሁ፣ ግን ያን ቀን ሰው መሆኑን አሳየ። ወደ እርስዎ መጥቶ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ክርኑን ስንት ዲግሪ ነው ያጠፉት?» አለ።

እርስዎ ዲግሪ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃሉ? ቀኝ ክንድዎን አጠፍ አድርገው አሳዩት።

«ይህን ያህል።»

ሰውዬው አልሳቀም። መለኪያውን ከቦርሳው አውጥቶ ክንድዎ ላይ አስደገፈ፣ ለካ፣ ጻፈ። አሁን በማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ውስጥ ያለው ቁጥር ከእርስዎ ክንድ የተወሰደ ነው። ሰውም ግንቡን «የኽሚስ ክርን» ነው የሚለው። ጀልባ ጠጋኞቹ እንኳ ሲቀጣጠሩ «ክርኑ ጋ እንገናኝ» ይላሉ።

መስከረም ላይ ንድፉ ተስተካክሎ ለድምፅ ቀረበ። እጅ ያላወጣ አልነበረም። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። ግን አንድ ሥራ ቀርቶኝ ነበር፤ የርስት መልቀቂያ ቅጽዎን በአዲሱ ንድፍ መሠረት መሙላት። ለካሁ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። ቀጥ ያለው ግንብ ከርስትዎ የሚወስደው ከዳር ሰባት ሜትሩን ብቻ ነበር። ክርኑ ግን ሁሉንም ነበር የሚወስደው። የአባትዎን፣ የአያትዎን፣ ስልሳ ዓመት ዘንባባ የተከሉበትን ባሕር በሙሉ።

እየሮጥኩ ቤትዎ መጣሁ። ደጃፍዎ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር።

«ዓሚ፣ ክርኑ ርስትዎን በሙሉ ነው የሚወስደው።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ግንቦት ላይ ስትሰድቢኝ አውቅ ነበር።»

እንዲያው በቀላሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ መርፌዎን እየሳቡ። ለምን እንዳልነገሩን ስጠይቅዎ፣ «ብነግራችሁ ሽማግሌው ውለታ ሊያስቆጥር ነው ትሉና ስለ እኔ ታወሩ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ውሃው እንድታወሩ ነበር የፈለግሁት» አሉኝ። ከዚያ አውራ ጣትዎን ዘረጉልኝ። ቀለሙን ቀባሁት፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። «የለቀቁበት ምክንያት» የሚል መስመር ነበር፤ ምን ልጻፍ ብልዎት፣ «ስልሳ ዓመት አበላኝ፤ አሁን ድንጋይ ይብላ በዪ» አሉ። እንዳሉት ጻፍኩት። ሲ ተውፊቅ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ አንድ ቃል ሳያርም ማኅተሙን መታ።

ያኔ ይቅርታ ልጠይቅዎ ይገባ ነበር። አልጠየቅሁም። ቀለሙ እንዲደርቅ ጣትዎን እፍ እፍ አልኩልዎት፣ አመሰግናለሁ አልኩ፣ ወጣሁ። ሰው ያን ያህል ትልቅ ሲሆንብን ፊቱን ማየት ያስፈራል መሰለኝ። ግንቡ ሲሠራ በየቀኑ አየሁዎት፤ በድንጋይ ጫኞቹ ሲያሾፉ፣ የመጀመሪያው ቋጥኝ ርስትዎ ላይ ሲወድቅ ቆብዎን አውልቀው ሲቆሙ። ነገ እጠይቃለሁ እያልኩ ነገ አለቀና ጉልበትዎ ስፋክስ ወሰደዎት። እነሆ አሁን፣ በማብሩካ አፍ፣ ይቅር ይበሉኝ። ተሳስቼ ብቻ አልነበረም። ክፉ ነበርኩ፤ እርስዎ ደግሞ ክፋቴን እያወቁ የእናቴን አጥንት አዳኑልኝ።

አሁን ወደ ማዕበሉ። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሰሜኑ ነፋስ ተነሣና መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ቆመ። ውሃው ከጀልባ ማቆሚያው ጀምሮ ግንቡን እየላሰ መጣ። ሲ ተውፊቅ አጠገቤ ቆሞ ዱዓ ያደርግ ነበር። ውሃው ክርኑ ጋ ሲደርስ ዞረ፤ ወላሂ ዞረ፣ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ሲመሽ እናቴ ጋ ሄጄ መቃብሯን በእጄ ዳሰስኩና ጣቴን ቀመስኩ። ጨው የለውም።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ባለፈው የወጥመድ ወቅት ሲከፈት፣ ሰው ሁሉ ዘንባባውን ሊተክል ሲወርድ፣ እኔ በግቢዎ አጥር ዘልዬ ገብቼ (ማብሩካ ይቅርታ) ከቴምር ዛፍዎ አንድ ዝንጣፊ ቆረጥኩ። ከክርኑ ማዶ፣ ድንጋዩ ካለቀበት፣ ውሃው ውስጥ ተከልኩት። ዝንጣፊ የቆመበት ውሃ ባለቤት እንዳለው በደሴታችን የማያውቅ አለ? አንድም ዓሣ አይዝም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባ ሁሉ እሱን ዞሮ ነው የሚያልፈው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ ማዕበሉ ነቀለው። ረቡዕ ጠዋት አዲስ ቆርጬ ይዤ ወረድኩ። ቦታው ላይ ግን ሌላ ዝንጣፊ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ገና አረንጓዴ፣ ሳያጋድል የተተከለ። ሀምዳ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሥሩን በድንጋይ ያጠብቅ ነበር። ያ ማመልከቻ ያስገባው ሀምዳ። እኔን ሲያይ ያፈረ መሰለና ፊቱን አዞረ።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለኝ። «የኽሚስ ባሕር እኮ ነው። ባዶውን ይደር?»

እኔ የያዝኩትን አጠገቡ ተከልኩት። አሁን ሁለት ናቸው። በየዓመቱ ወቅቱ ሲከፈት፣ በሕይወት እስካለሁ፣ ወርጄ እተክላለሁ።

ባሕርዎን የምትጠብቅልዎ፣
የለጢፋ ልጅ ናዚሃ