ከገመድ ለወደቀችው ልጅ የተሳሉት ጧፍ

ንፋስ መውጫ፣ እሑድ ጥር 24

ያንን ስለ ድሮ ዘመን የሰርከስ ሰዎች የሚተርክ ልቦለድ ዛሬ ጨረስኩት። ደራሲው ስለ ድንኳን ካስማ ሦስት ገጽ ሙሉ ሲያወራ መጽሐፉን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ገመድ ላይ የምትራመደዋ ልጅ ናት ይዛ ያስቀረችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ያነበብኩትን በየቀኑ ለአከራዬ ለእማሆይ ጥሩ አወራላቸዋለሁ። «ታሪካዊ ነው» ስላልኳቸው ሁሉንም እውነት አድርገው ይዘውታል። ትናንት ልጅቱ ከገመዱ ስትወድቅ አቆምኩ። ዛሬ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣

«ለተክልዬ ጧፍ ተስዬላታለሁ» አሉኝ። «እሱም ገመድ ተቆርጦበት አይደል ክንፍ የተሰጠው? የገመድ ነገር ያውቃል።»

«ልቦለድ እኮ ነው» ማለቱን ትቼ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ማንበቡ ራሱ ጭንቅ ሆነብኝ። ብትሞትስ? በምን ፊቴ እነግራቸዋለሁ? እየፈራሁ ገጹን ገለጥኩ። እግሯ ተሰብሯል እንጂ ተርፋለች! መጽሐፉን እንደያዝኩ ወደ ግቢው ሮጥኩ።

«እማሆይ፣ ተረፈች!»

እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ወጣ። እሳቸው ግን ለማንም ሳያስረዱ ጧፋቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

«ስሚ፣ ለዚያች ልጅ ንገሪልኝ። ሁለተኛ ገመድ ላይ ብትወጣ እኔ የለሁበትም።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩ።